ሀሊሜ የካድሬውን ጥርስ ያረገፈች ቀን

እቴቴ ሀሊሜ የካድሬውን ጥርስ በአካፋ እጀታ አረገፈችው! ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት! አንዷ ጥርስ በርራ መጥታ እግሬ ስር ዱብ አለች፣ ከነደሟ፣ እኔም ላፍ አድርጌ በቀሚሴ ጫፍ ቋጠርኳት። ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን አስራ ስምንት ሞልቶኛል፣ መንግሥትም ተቀይሯል፣ ያቺን ሰዓት ሳስብ ግን እስካሁን ልቤ ድው ድው ይላል። ቆቦ ውስጥ ሰርግ ላይ ዘፈን ሲያልቅባቸው ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ?

*ዘንጋዳ ወቃን እንጂ ጥርስ ሲወቃ አላየን፣*
*ሀሊሜ ጀግናዋ ካድሬ ወቅታ አሳየን!*

ይቺ ሀሊሜ ማለት የኔዋ ናት፣ ያሳደገችኝ!

ውይ፣ ከመሃል ጀመርኩት አይደል? እሺ ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ።

እናትና አባቴን አላውቃቸውም። ያሳደጉኝ የአባቴ ወንድም አያ ታሂርና ሚስቱ እቴቴ ሀሊሜ ናቸው። አያ ታሂር ሚሊሻ ሆኖ ኦጋዴን ዘምቶ፣ ደረቱ ውስጥ የመድፍ ፍንጣሪ ይዞ፣ በሕመም ፈቃድ ተመልሶ ነበር። ሐኪሞቹ «ከልብህ አጠገብ ስለሆነ አይነካም» አሉት። እኔ ደግሞ ፍንጣሪ ማለት እንደ ጫጩት ያለ ነገር መስሎኝ፣ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሲጮህ አዳምጥ ነበር።

ጨዋታ ነበረን። እሱ ድንገት «መድፍ!» ይላል፣ ሁለታችንም መሬት ላይ ዘጭ። ፊታችንን አፈር ውስጥ ቀብረን ዝም። ከዚያ «አለፈ፣ ተነሺ» ሲለኝ ከት ብዬ እየሳቅሁ እነሳለሁ። በዓለም ላይ እንደዚያ የምወደው ጨዋታ አልነበረም። ጨዋታ አለመሆኑን አሁን ነው የማውቀው። ጎረቤት በር ሲወረወር፣ ቆርቆሮ ሲወድቅ፣ እውነት ይመስለው ነበር። አንዴ ቀን ጋደም ብሎ እቴቴ ልትቀሰቅሰው ብትነካው አንገቷን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጣበቃት። ዓይኖቿ ፈጠጡ፣ እግሯ ከመሬት ተነሳ። እኔ ዱላዬን ይዤ ጭኑን ስደበድበው ነው የነቃው። ከዚያ እጁን እያየ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷ አንገቷን እያሻሸች «አብሽር፣ ምንም አልሆንኩ» ትለዋለች። የጣቶቹ ምልክት እስኪጠፋ ሻሿን አላወለቀችም።

የሞተ ቀን ማሽላው ደርሶ፣ ወፉ እንደ ደመና የሚወርድበት ጊዜ ነበር። አያ ታሂር ማማው ላይ ቆሞ በወንጭፍ ያባርራል፣ እኔ ከታች ድንጋይ እለቅማለሁ። ወንጭፉን አዙሮ፣ አዙሮ፣ ሳይለቀው ቆመ። ሳል ያዘው። ከአፉ ደም ተንዶለዶለ፣ ነጩ ጋቢ ቀይ ሆነ። ከዚያ ከማማው ላይ ወደቀ። ዘጭ!

እኔስ? እኔም ወደቅኋ! መድፍ ነው ብዬ። ፊቴን አፈር ውስጥ ቀበርኩና «አለፈ፣ ተነሺ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ፣ ይቆረጣጥማሉ። ጉንዳን በአንገቴ ገባ፣ አልተነቃነቅኩም። የአያ ታሂር ደም በትልሙ እየፈሰሰ መጥቶ ክንዴን አሞቀው። ጨዋታው ለምን እንዲህ ረዘመ ብዬ እየሳቅሁ ነበር፣ ወላሂ እየሳቅሁ፣ የእቴቴ ጩኸት እስኪመጣ ድረስ።

በኛ ሃይማኖት ሬሳ አይቆይም። አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ተላከ። የሰፈራችን ገብረ ማርያም፣ ክርስቲያን ነው ግን ለቀብር ከሁሉ ቀድሞ አካፋ ይዞ የሚደርሰው እሱ ነው፣ መጥቶ እቴቴን «ሀሊሜ፣ መጀመሪያ የመቅበሪያ ፈቃድ ወረቀቱ» አላት።

እሱና እቴቴ ወደ መንግሥት ቢሮ ሲሄዱ እኔ እጇን ይዤ ነበር፣ ስለዚህ አብሬ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ታምሬ የሚባለው ሹም ተቀምጧል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ መነፅራም፣ ካኪ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። እኛ ልጆች «ካድሬው» ነበር የምንለው። ካድሬ እንኳን አልነበረም፣ የወታደር ጉዳይ ጸሐፊ ነበር፣ ግን ለኛ ካኪ የለበሰ ሁሉ ካድሬ ነው። በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃው አለቃ ሙላት ጠመንጃውን ታቅፎ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ነፍስ ይማር እህቴ» አላት ታምሬ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ትዕዛዝ ነው። የዘመተ ሰው ከሞተ ከወልዲያ መርማሪ መጥቶ ፊቱን ሳያይ አይቀበርም።»

«ተከፍኗል እኮ ጌታዬ! ከፈን ይፈታል?»

«መሞቱ መረጋገጥ አለበት።»

«መቼ ነው የሚመጣው ሰውዬው?»

«መኪና ሲገኝ።»

«ሬሳ መኪና ይጠብቃል?»

ሙላት ከበሩ ላይ ሳቀ። «ዋጃ ላይ ምን እንዳረጉ ሰምተሻል? የማሽላ አገዳ ከፍነው፣ አልቅሰው፣ ደረት ደልቀው ቀበሩ! ሟች ተብዬው አፋር በረሃ ግመል ይጠብቃል! እናንተን ማን ያምናል?»

ይሄ እውነት ነው፣ ኋላ ሰምቻለሁ። ወደ ጦሩ ላለመመለስ የጠፉ ሰዎች ቤተሰብ ባዶ ቃሬዛ ላይ ያለቅስ ነበር። ትዕዛዙም የመጣው በዚያ ነው፣ የሚሰቃየው ግን በእውነት የሞተበት ሰው ነው።

ገብረ ማርያም ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «የወንድሜን ሬሳ በመርማሪያችሁ ሰበብ አብጦ፣ ፈንድቶ ነው በአካፋ ዝቄ የቀበርኩት! እናቴ ሽታው ከአፍንጫዋ አልወጣ ብሏት እህል ትታ ሞተች! ደግሞ አሁን…»

አልጨረሰም። ሙላት በሰደፍ ጆሮ ግንዱን አለው። ገብረ ማርያም ወንበሩን ይዞ ወደቀ፣ ከጆሮው ደም ወረደ፣ ሙላት ደግሞ በጫማው ጎኑን ረገጠው፣ አሁንም ረገጠው። ጎኑ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰምቻለሁ። ታምሬ «በቃ! ሙላት፣ በቃ!» አለ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ነበር፣ የሚሰማው አልነበረም።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው አንድ ነገር ነው። *መሞቱ አልተረጋገጠም።* የመንግሥት ሰው፣ መነፅር ያለው፣ አለ እኮ! ታዲያ እነ እቴቴ ለምን ይቸኩላሉ? ቤት እንደተመለስን ሾልኬ ቃሬዛው ስር ገባሁና በከፈኑ በኩል «አያ ታሂር፣ መድፉ አልፏል፣ ተነስ» አልኩት። ዝንቡን በወንጭፉ አባረርኩለት። ፀሐዩ የቆቦ ፀሐይ ነው፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ትንሽ ቆይቶ ያ ሽታ መጣ። ጣፋጭ ነገር አለበት፣ እንደ በሰበሰ ዘይቱን። በዚያ ሽታ ነው የገባኝ። ማንም አልነገረኝም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ «ከዚህ በላይ አናዋርደውም» ብለው ቃሬዛውን አነሱ። በኛ ሴት መቃብር ድረስ አትሄድም፣ ግን መርማሪው ድንገት ከመጣ ፊቱን «ባሌ ነው» ብላ የምታረጋግጠው ሚስት ናት ስለተባለ እቴቴ ሄደች። እሷ ስትሄድ ሌሎቹ ሴቶች ማን ያስቀራቸው? እኔንስ?

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሙላት ከሌላ ጥበቃ ጋር ቀድሞናል። ከጉድጓዱ የወጣው የአፈር ክምር ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አንጠልጥሏል። እንደ ወንበር! ሼሁ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ አላህን ፍራ» ሲሉት ጥምጣማቸውን በአፈሙዝ ገፍቶ ጣለባቸው። አንድ ጎረምሳ ጥምጣሙን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እጁን በጫማው ረገጠበት፣ እስኪጮህ ድረስ ጨፈለቀው። ቃሬዛው ግራር ስር ተቀመጠ። ሰዉ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ቆመ፣ ግማሹ ለልቅሶ ግማሹ ለሽታው። ፀሐዩ ከዞብል ተራራ በተቃራኒ ወደ ምዕራብ ማዘቅዘቅ ጀመረ። እቴቴ አታለቅስም። መሬቱ ጠንክሮ የሰበረውን አካፋ እጀታ እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች።

በዚህ ጊዜ ታምሬ መጣ። ብቻውን፣ ላብ በላብ ሆኖ። ሙላትን «መኪና የለም፣ ዛሬ አይመጣም» አለውና «ሚስትየዋን ላነጋግራት፣ ሬሳውን ወደ ቤት ትመልስ» ብሎ ወደ ግራሩ ዞረ። ግራሩ ስር እቴቴ ነበረች። ከቃሬዛው ኋላ ደግሞ እኔ፣ ማንም ያላየኝ።

በሹክሹክታ ነው የሚያወራት። ሁሉም አልተሰማኝም። «…እኔ ብፈቅድ ነገ እኔን ነው…» አለ። እቴቴ የሆነ ነገር አለች። ከዚያ ይሄን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት፦

«ደም ካልታየ አይሆንም።»

ያ ረቢ! የእቴቴን ደም ሊያፈስ ነው! ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። እሱ ደግሞ መነፅሩን አወለቀና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሊደባደብ ነው፣ ወንዶች ሲደባደቡ ልብሳቸውን አያወልቁም? «እቴቴ ሽሺ!» ልል አፌን ስከፍት፣ እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ።

ቧ!

ግንባሩን። ቅንድቡ ተከፈለ፣ ደሙ ዓይኑ ላይ ተከነበለ። አልወደቀም። እጆቹን ወደ ታች እንደጣለ ቆመ። ፈርቶ ደረቀ አልኩ እኔ፣ ደስ ብሎኝ! እቴቴ አንዴ አየችው። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠችና አፉን አለችው። ጥርስ ሲሰበር ድምፁ ጠጠር እንደማኘክ ነው። ጉልበቱ ላይ ተንበረከከ። ደገመችው። ሰለሰችው። ከደረቷ ሰው የማይመስል ድምፅ ይወጣል። ያቺ ጥርስ እግሬ ስር የወደቀችው ያኔ ነው።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ሴቶቹ እልል እያሉ ድንጋይ አነሱ። ሙላት ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ጢው! ጢው! ቅርንጫፍ ተበጥሶ ቃሬዛው ላይ ወደቀ። እየሮጠ መጥቶ እቴቴን በሰደፍ ትከሻዋን ሲመታት አጥንቷ ቀሽ አለ፣ እጀታው ከእጇ ወደቀ። ሴቶቹም እሱን በድንጋይ ግንባሩን አሉት። ሌላውን ጥበቃ አንዲት አሮጊት እጁ ላይ ተጣብቃ ነከሰችው፣ እየጎተታት እንኳን አልለቀቀችም። ታምሬ መሬት ላይ እየተንከባለለ በዚያ በተበላሸ አፉ ይጮሃል። «ሐኪም ቤት! ሞትኩ! ሁለታችሁም ተሸከሙኝ፣ ሐኪም ቤት!»

እንዴት እንደሳቅሁ! እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ። ጥበቃዎቹ ምን ያድርጉ፣ ሹማቸው ደሙን እያፈሰሰ ትተውት ቢቀመጡ ነገ ተጠያቂ ናቸው። አንዱ በብብቱ አንዱ በእግሩ አንጠልጥለውት ወደ ከተማ ሮጡ።

ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። ጠባቂ የለም። ከዚያ ገብረ ማርያም፣ ጎኑን በነጠላ ጠፍሮ እያቃሰተ የመጣው ገብረ ማርያም፣ «ምን ታያላችሁ? አንሱት እንጂ!» አለ። ሼሁ ባዶ ራሳቸውን ሰገዱበት። አያ ታሂር ከነከፈኑ፣ ፊቱን ማንም ሳያየው ገባ። ወንዶቹ በእጃቸው ጭምር አፈር መለሱ። የመጨረሻውን አፈር ሲመልሱ የፀሐዩ ጫፍ ገና ይታይ ነበር።

እቴቴን በማግስቱ ወሰዷት። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ስትወጣ በእንብርክክ ነበር የምትሄደው። መውጣቷም ተአምር ነው፣ ሙላት «በዓይኔ አይቻታለሁ» ብሎ ነበር። የተመታው ታምሬ ራሱ ግን ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ «ሴቶች ብዙ ነበሩ፣ የመታችኝን ፊቷን አላየሁም» ብሎ ድርቅ አለ። ሰዉ ምን አለ? «ሴት መታችኝ ማለት አፍሮ ነው!» ተሳቀ፣ ተዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ ትዕዛዙ ተለወጠ፤ *ቀብር ይቅደም፣ ወረቀቱ ይከተል* ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቆቦ ውስጥ የዘመተ ሰው ሬሳ ቆርቆሮ ስር አልዋለም። «የሀሊሜ ዱላ ያመጣው ነው» ተባለ። ታምሬ ከቆቦ ተዛወረ፣ ረሳነው።

ያቺን ጥርሱን ግን አስቀመጥኳት። ያኔ የኔም የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበርና የሱም እንደኔ ተመልሶ ይበቅላል ብዬ ነበር የማስበው።

እስካለፈው ሳምንት ታሪኩ ለኔ ይሄው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታምሬ ተያዘ። ጎብዬ ላይ ሬዲዮ እየጠገነ ይኖር ነበር አሉ። ቅዳሜ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ የድሮ ሹሞች አንድ በአንድ ይቀርባሉ፣ ሰው የሚመሰክርለት ይለቀቃል፣ የሚመሰክርበት ወደ ወልዲያ እስር ቤት ይሄዳል። የሰፈሩ ወጣቶች እየጨፈሩ እቤታችን መጡ፣ «እማማ ሀሊሜ፣ ቅዳሜ እርስዎ ነዎት የመጀመሪያ ምስክር!» ብለው። እኔማ ዘልዬ ጨፈርኩ! እቴቴ ግን ሲወጡ ጠብቃ በሩን ዘጋችና፣ ያ የተሰበረው ትከሻዋ ወደ ታች ወርዶ፣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ኡሙሃኒ» አለችኝ። «እሱ ነው ምቺኝ ያለኝ።»

«ምን?»

«ብፈቅድ ነገ እኔን ይገድሉኛል አለ። መከልከልም አልቻልኩም፣ ሽታው ቢሮዬ ድረስ መጣብኝ አለ። ምቺኝ፣ ሲያዩኝ ተሸክመውኝ ይሮጣሉ፣ ያኔ ቅበሩት። ቀስ ብለሽ እንዳይሆን ግን፣ ደም ካልታየ አይሆንም አለኝ።»

መነፅሩ! ዓይኑ ውስጥ እንዳይሰበር ነበር ያወለቀው። እጆቹን ወደ ታች የጣለው። «ሁለታችሁም ተሸከሙኝ» ያለው። ሁለታችሁም! በዚያ ጩኸት ነው ጉድጓዱ የተለቀቀው፣ እኔ ደግሞ ስቄበት። ትዕዛዙ የተለወጠውም እሱ «ሕዝቡ ሹም መግደል ሳይጀምር ቀብር ይቅደም» ብሎ የራሱን አፍ ማስረጃ አድርጎ ስለጻፈ ነው። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ለእቴቴ ኋላ ነግሯታል።

«ታዲያ እሰይ ነዋ! ቅዳሜ ይሄን ትናገሪለታለሽ!» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «አንድ ጊዜ ነበር የተስማማነው። አንድ፣ ግንባር ላይ። የመጀመሪያዋን ለሱ መታሁለት። ሌሎቹን ለራሴ ነው። ደሙ እየወረደ ፊቴ ላይ ቆሞ ‹አይዞሽ› አለኝ፣ ልጄ። ጠዋት አይሆንም ባለኝ አፉ አይዞሽ ሲለኝ፣ ያ አንገቴን ያነቀኝ ጦርነት፣ የታሂር ደም፣ ሁሉም መጣብኝ። ልገድለው ነበር። ሙላት ትከሻዬን ባይሰብረው ገድዬው ነበር። እጁን ሳያነሳ የቆመልኝን ሰው! እኔ ሕዝብ ፊት ቆሜ ይሄን አልናገርም። አንቺም ብትናገሪ ያጠባሁሽ ጡት እርም ይሁንብሽ።»

ትናንት ሳትሰማ ምሳ ቋጥሬ የታሰረበት ሄድኩ። በሽቦው በኩል መጣ። ሸብቷል። «የሀሊሜ ልጅ ነኝ» አልኩት። ሲስቅ አየሁት፣ ከፊት ምንም የለም፣ ድዱ ብቻ። አልበቀለም። እንዴት ይበቅላል፣ ትልቅ ሰው ነው እኮ።

ምስክር ሁኚኝ ይላል ብዬ ነበር። አላለም። ሽቦውን ይዞ «ያን ቀን ራሴን ስቼ ነበር፣ የምጠይቀው ሰውም አላገኘሁ» አለኝ። «ፀሐይ ሳትገባ ደረሳችሁ? ቀበራችሁት?»

«ቀበርነው» አልኩት።

«ፊቱን ማንም ሳይገልጠው?»

«ማንም።»

«ተመስገን» አለና ምሳውን ተቀበለኝ። ቆሎውን ለይቶ መለሰልኝ፣ ማኘክ አይችልም።

ነገ ቅዳሜ ነው። እቴቴ አሞኛል ብላ ተኝታለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፣ ውጭ ልጆቹ ያንን ዘፈን እየዘፈኑ ያልፋሉ። የታምሬ ጥርስ እጄ ላይ ናት፣ አሁን ይሄን ስጽፍ ራሱ። ብናገር ሰውዬው ቤቱ ይገባል፣ እቴቴ ግን ገበያ መሃል አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድባት አንዲት ነገር ትጠፋለች፣ እኔንም ታጣኛለች። ዝም ብል ዘፈኑ ይቀጥላል፣ እሱም ያለ ምስክር ወደ ወልዲያ እስር ቤት ይሄዳል፣ ዳግመኛ እጁን ወደ ታች ጥሎ።

በአላህ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ነገ ስብሰባው ላይ እጃችሁን ታወጣላችሁ?